ሌዘር ከተሰራችሁ በኋላ ያለው ሳምንት፦ የዓይን ኢንፌክሽን እንዴት ይመጣል፣ ድሬ ሆነን ምን እናድርግ

ሰሞኑን ድሬ ላይ ዓይኔን በሌዘር ተሰርቼ መነጽሬን ላስወልቅ ነው የሚል ሰው በዝቷል። ከኔ ጓደኞች ብቻ ሁለቱ አዲስ አበባ ሄደው ተሰርተው መጥተዋል፣ አንዷ ደሞ ህንድ ለመሄድ ብር እያጠራቀመች ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "ያማል ወይ?" አቦ ህመሙን ተዉት፣ በማደንዘዣ ጠብታ ነው የሚሰራው፣ ለሁለቱም ዓይን ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፣ ሌዘሩ ራሱ የሚተኩሰው ደሞ ለሰከንዶች ነው። እኔ ብትጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከተሰራሁ በኋላ ባሉት ቀናት ድሬ ሆኜ ዓይኔ ቢያመኝ ማን ያየኛል?

ዶክተር አይደለሁም። ታናሽ እህቴ ከተሰራች በኋላ ዓይኗ ኢንፌክሽን ይዞት ለሁለት ወር ያህል አብሬያት ስመላለስ ሐኪሞቹን እየጠየቅኩ፣ እያነበብኩ የተረዳሁትን ነው የምጽፈው፣ ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳን ኖሮ ቢያንስ ሶስት ቀን አናባክንም ነበር።

መጀመሪያ ዓይን ላይ ምን እንደሚሰራ እንይ። ኮርኒያ ወይም ብዙ ሰው የዓይን ብሌን የሚለው ከፊት ያለው እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ውፍረቱ መሀሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ሐኪሞቹ በማይክሮን ነው የሚለኩት፣ 540 አካባቢ ይላሉ። ማይናስ ያለበት ሰው፣ ማለትም ሩቁ የሚደበዝዝበት፣ ይሄ ሽፋን ለዓይኑ ርዝመት ከሚገባው በላይ ስለሚጎብጥበት ብርሃኑ ቦታው ሳይደርስ ይሰበሰባል፣ ሌዘሩ መሀሉን በጣም በስሱ ፍቆ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ለአንድ ማይናስ የሚፋቀው ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከጸጉር ውፍረት በጣም ያንሳል። ሌዘሩ ኤክሳይመር ይባላል፣ 193 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፣ ሳያቃጥል ነው የሚፍቀው።

ወደሚፋቀው ቦታ የሚደረስባቸው ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው፣ የኢንፌክሽኑ ነገር በሁለቱ በጣም ስለሚለያይ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። አንደኛው ፒአርኬ ነው፣ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። የኮርኒያው የላይኛው ስስ ቆዳ ሙሉ በሙሉ ይነሳና ሌዘሩ ይሰራል፣ ከዛ ቁስሉ ላይ እንደ ፋሻ የሚሆን ኮንታክት ሌንስ ይለጠፋል፣ ቆዳው በ3 እስከ 5 ቀን ተመልሶ ሲበቅል ሌንሱ ይወጣል። በልጅነታችን ወድቀን ጉልበታችን እንደሚላጠው ማለት ነው፣ ያማል፣ ግን ቁስሉ ላይ ላዩን ነው። ሁለተኛው ላሲክ ነው፣ ግሪካዊው ሐኪም ዮአኒስ ፓሊካሪስ በ1990 እ.ኤ.አ አካባቢ ካስተዋወቁት ጀምሮ በዓለም ላይ በጣም የተስፋፋው እሱ ነው። በላሲክ ቆዳው አይነሳም፣ ከላይ 100 እስከ 160 ማይክሮን የሚሆን ስስ ክዳን ይቆረጣል። የቲማቲም ጣሳ ስትከፍቱ አንድ ጎኑን ሳትቆርጡ ትታችሁ ክዳኑን ወደ ኋላ እንደምታጥፉት አስቡት። ሌዘሩ ከስር ይሰራል፣ ክዳኑ ተመልሶ ይተኛል፣ ሳይሰፋ ራሱ ይይዛል። በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ያለ መነጽር ታፔላ ያነባል። ስማይል የሚባለው አዲሱ ደሞ ክዳን የለውም፣ በጠባብ ቀዳዳ ከውስጥ ስስ ቁራጭ ስጋ ይወጣል።

ኢንፌክሽን በየት ነው የሚገባው? ጤነኛ ዓይን እኮ ቀኑን ሙሉ ባክቴሪያ ያርፍበታል፣ የሽፋሽፍታችን ስር ራሱ የስታፊሎኮከስ መኖሪያ ነው። የማይጎዳን የላይኛው ቆዳ እንደ በር ዘግቶ ስለሚይዘውና እንባችን ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ስላለው ነው። ኦፕራሲዮኑ በሩን ይከፍተዋል፣ ፒአርኬ ላይ ለቀናት ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ላሲክ ላይ በጠርዙ በኩል ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል። ኮርኒያ ደሞ ደም ስር የለውም፣ ጥርት ብሎ የሚታየውም ለዛ ነው፣ ግን ደም ስር ስለሌለው እጃችን ሲቆስል ቶሎ የሚደርሱልን ነጭ የደም ሴሎች እዛ ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ላሲክ ላይ ጀርሙ ክዳኑ ስር ከገባ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ከላይ የምታንጠባጥቡት መድሃኒት ክዳኑን አልፎ ስር በደንብ አይደርስም። ሐኪሙ ክዳኑን መልሶ አንስቶ፣ ጠርጎ፣ ናሙና ለላብ ወስዶ፣ ስሩን በአንቲባዮቲክ ማጠብ ሊኖርበት ይችላል።

ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል የሚለውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ማስፈራራት አልፈልግም። በተለያዩ አገራት የወጡት ሪፖርቶች ከዜሮ እስከ 1.5 በመቶ ይደርሳሉ፣ ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜዎቹ ግን ከ1,000 ዓይን አንድ እንኳ አይሞሉም። ብርቅ ነው። እህቴ ላይ ግን ደረሰ፣ ለደረሰበት ሰው ደሞ የዓይኑ ነገር የሚወሰነው በሰዓታት ነው።

እህቴ የተሰራችው ፒአርኬ ነበር፣ ኮርኒያዋ ሳሳ ያለ ስለሆነ ላሲክ አይሆንሽም ተባለች። አዲስ አበባ አምስተኛው ቀን ላይ ሌንሱ ወጣላት፣ ቆንጆ ነው ተባለ፣ ስድስተኛው ቀን ፕሌን ይዛ ድሬ መጣች። ሳቢያን ቤት ውስጥ እናታችን መጋረጃውን ዘግታ፣ ሾርባ ሰርታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ እያያት ደስ ብሎን ነበር። ዘጠነኛው ቀን ማታ ግራ ዓይኗን ቆረቆረኝ አለች። የሰራት ቦታ ደወልን፣ ስልኩን ያነሱት "የተለመደ ነው፣ ድርቀት ነው፣ እንባ የሚተካውን ጠብታ ጨምሪ" አሉ። ሳያዩ ነው ያሉት። በማግስቱ መብራት ማየት አቃታት፣ ዓይኗ ቀላ፣ ከሰፈር ፋርማሲ ዴክሳ ጠብታ ሰጡን። እናም ቅላቱ በአንድ ቀን ቀነሰ! እናቴ ተመስገን ብላ እልል ልትል ነበር። አስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ላይ ስታይ ጥቁሩ የዓይኗ ክፍል ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ አለ።

ስለ ዴክሳ እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላስረዳ፣ ከዚህ ጽሁፍ ሌላው ቢረሳችሁ ይሄ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ዴክሳሜታሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉት ናቸው። ስቴሮይድ ጀርም አይገድልም። የሚያደርገው የሰውነታችንን ቁጣ ማብረድ ነው፣ ቅላት፣ እብጠት፣ ህመም። ቅላቱ ግን ወታደሮቻችን እየተዋጉ እንደሆነ የሚያሳየን ምልክት ነበር። ወታደሩን አስቀመጥነው፣ ጩኸቱ ቆመ፣ እኛ ሰላም ሆነ ብለን ተኛን፣ ባክቴሪያው ግን ስራውን ቀጠለ። ፈንገስ ከሆነማ ስቴሮይድ ሲያገኝ ይብስበታል። ግራ የሚያጋባው ደሞ ሐኪሙ ራሱ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስቴሮይድ ያዛል፣ በተለይ ፒአርኬ ላይ ጭጋግ መሳይ ጠባሳ እንዳይመጣ ለሳምንታት ሊያዝ ይችላል። እሱ ትክክል ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ከአንቲባዮቲክ ጋር ነው፣ ቀጠሮ ተይዞ እየታየ ነው፣ የዓይን ግፊትም እየተለካ ነው ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ላይ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ የታዘዘላችሁን ስቴሮይድ ፈርታችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፣ አዲስ ህመም ሲመጣ ደሞ በራሳችሁ አትጨምሩ። ሁለቱም ስህተት ነው።

ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው ላሲክ የተሰራ ሰው ላይ ኢንፌክሽን የሚመስል ግን ያልሆነ ችግር መኖሩ ነው። በምህጻር ዲኤልኬ ይሉታል። ክዳኑ ስር ነጫጭ ሴሎች ተበትነው ሲታዩ በነፋስ እንደተነዳ አሸዋ ስለሚመስሉ ሐኪሞች "የሰሃራ አሸዋ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል፣ እኛ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ለምናውቅ የድሬ ሰዎች ለመገመት ቀላል ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው የሚመጣው፣ ጀርም የለበትም፣ መድሃኒቱ ደሞ ገና በጊዜ በየሰዓቱ የሚደረግ ስቴሮይድ ነው። አያችሁ ችግሩን? አንዱን የሚያድነው መድሃኒት ሌላውን ያባብሳል። ልዩነቱን በፎቶ በቴሌግራም ልካችሁ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ፋርማሲ ቆሞ በባትሪ ያየም አያውቀውም። ስሊት ላምፕ በሚባለው አገጭ አስደግፎ በሚያዩበት ማሽን የዓይን ሐኪም ነው ማየት ያለበት፣ እሱም አንዳንዴ ይቸገራል፣ ለዛ ነው ናሙና ወደ ላብ የሚላከው።

መቼ እንደጀመረ መናገር ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ወይ ስትሬፕቶኮከስ ነው፣ በፍጥነት የሚሄድ፣ የሚያም፣ የሚቀላ። ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ እስከ ሁለትና ሶስት ወር የሚመጣው ደሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ የሆኑ ውሃና አፈር ውስጥ የሚኖሩ ማይኮባክቴሪያዎች ወይም ፈንገስ። እነዚህ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ህመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል፣ እና ሰው "ከተሰራሁ ወር አልፎኛል፣ ከሱ ጋር አይያያዝም" ብሎ ይዘናጋል። ይያያዛል። ለነሱ የተለመደው ጠብታ ላይሰራ ይችላል፣ አሚካሲንና ክላሪትሮማይሲን የመሳሰሉ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይሰጣሉ፣ ባስ ካለ ክዳኑ ራሱ ተቆርጦ የሚወጣበት ጊዜም አለ።

እህቴን ድሬ ያለ የዓይን ሐኪም ያያት በዛው ጠዋት ነው። ማሽኑ ላይ አገጯን እንዳስቀመጠች አልቆየም፣ ዞር ብሎ "ዛሬውኑ አዲስ አበባ፣ ነገ አይባልም" አለን፣ ያ ሰው እግዜር ይስጠው። ዴክሳውን አስቆማት፣ አንቲባዮቲክ በየሰዓቱ ጀመረላት፣ ወረቀት ጻፈልን። አዲስ አበባ ቁስሉን በስሱ ፍቀው ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ለሚለይ የላብ ምርመራ ላኩት፣ ከዛ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የማይገኝ ከመርፌ መድሃኒት ተጠናክሮ የሚዘጋጅ ቫንኮማይሲን ጠብታ፣ ከሌላ አንቲባዮቲክ ጋር እያፈራረቁ፣ ቀንም ሌሊትም በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዛ በየሰዓቱ። ሶስት ሌሊት አልተኛንም፣ የስልክ አላርም እየሞላሁ እኔ ነበርኩ የማንጠባጥብላት፣ እንቅልፍ ጥሏት ዓይኗን ስገልጠው ሳትነቃ እንባዋ ይወርድ ነበር። ስታፊሎኮከስ ነበር። ዳነ፣ ግን ጠባሳ ትቶ ነው የዳነው፣ ደግነቱ መሀሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። በግራ ዓይኗ አሁን የሐኪም ሰሌዳ ላይ ከቀኟ ሁለት መስመር ያንሳታል፣ ማታ ማታ የባጃጅ መብራት ይበተንባታል። ጠባሳው መሀል ላይ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ወሬ የብሌን ንቅለ ተከላ ይሆን ነበር፣ ለዛ ደሞ በ2003 እ.ኤ.አ ስራ በጀመረው የዓይን ባንክ በኩል ከሞቱ በኋላ ዓይናቸውን የለገሱ ሰዎች ብሌን ተገኝቶ፣ ወረፋ ተጠብቆ ነው።

ታዲያ የተለመደው ህመም የቱ ነው፣ የሚያስሮጠው የቱ ነው? ፒአርኬ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን አያስችልም፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ላሲክ ከሆነ ለሰዓታት ያቃጥላል፣ ጠዋት ሲነጋ አብዛኛው ያልቃል። ዋናው የምታዩት አቅጣጫውን ነው። በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ ደህና ነው። ሄዶ የነበረ ህመም ተመልሶ ከመጣ፣ ወይ ትናንት ያየሁትን ዛሬ አላይም ካላችሁ፣ ወይ ቅላቱ በአንድ ዓይን ብቻ ከባሰ፣ ከዓይን የሚወጣው ፈሳሽ ወፍራም ከሆነ፣ ነጭ ወይ ግራጫ ነጥብ ከታየ፣ በዛው ቀን ሐኪም ፊት መሆን አለባችሁ፣ እሁድም ይሁን አረፋም ይሁን ፋሲካ። እኛ ቤት አሁን ለሚሰራ ሰው ሁሉ የምንነግረው ዘዴ አለ፦ ጠዋትና ማታ አንዱን ዓይን በእጅ ሳትጫኑ ሸፍናችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ያንኑ ካላንደር አንብቡ፣ ከዛ ሌላኛውን። ሁለቱንም ገልጣችሁ ስታዩ ደህናው ዓይን የታመመውን ይደብቀዋል፣ እህቴን ያዘናጋት አንዱ ይሄ ነው።

አሁን ስለ ድሬና ሐረር ኑሮ። ውሃ ትልቁ ነገር ነው። የቧንቧ ውሃ፣ የሮቶ ውሃ፣ የጀሪካን ውሃ ለመጠጥ ንጹህ ቢሆን እንኳ ለተላጠ ዓይን ንጹህ አይደለም፣ ማይኮባክቴሪያውም አካንታሜባ የሚባለው ፍጡርም ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። ሻወር ስትወስዱ ዓይን ጨፍኖ ጀርባን ሰጥቶ፣ ፊትን በእርጥብ ፎጣ ዓይንን ሳይነኩ መጥረግ። ውዱእ የምታደርጉ ደሞ ከመሰራታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ፣ ለታመመ ሰው ተየሙም፣ ማለትም ያለ ውሃ በአፈር መንጻት አለ፣ ይሄ ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ የተሰጠ ማቅለያ ነው። ጠበል የምትሄዱም እንደዚሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ዓይን ላይ ሳይረጭ መጠመቅ ይቻላል። መዋኛ ገንዳ ለአንድና ለሁለት ወር ይቅር ይባላል።

ኩል! ሐረርና ድሬ ያለች ሴት ያለ ኩል ከቤት መውጣት እንደሚከብዳት አውቃለሁ፣ እናቴም እንደዛው ናት። ግን ኩል የሽፋሽፍት ስር ገብቶ የሚቀር ዱቄት ነው፣ አንድ ሙዳይና አንድ እንጨት ደሞ እናትና ልጅ ይጋራሉ። ከኦፕራሲዮኑ ቀናት ቀድማችሁ አቁሙና አጽዱት፣ ከተሰራችሁ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ስትጀምሩም የድሮውን ሳይሆን አዲስ። ሽፋሽፍታችሁ ስር የሚያሳክክ፣ ቅርፊት የሚይዝ ሰዎች ካላችሁ ደሞ መጀመሪያ እሱን ታከሙት፣ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ብዙው ጀርም የሚመጣው ከራሳችን ሽፋሽፍት ነው። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉም ከምርመራው በፊት ለስላሳውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ማውለቅ አለባችሁ።

አቧራው የታወቀ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በተከፈተ ባጃጅ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን መሄድ ማለት አሸዋ ዓይን ውስጥ መግባት ነው። የተዘጋ መነጽር አድርጉ፣ ባይሆን የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ዋሉ። በርጫ ላይ መቀመጥ የሚወድ ሰው ደሞ ይሄን ሳምንት ቢተወው ጥሩ ነው፣ ቅጠል የነካ እጅ ዓይን ያሻል፣ ፈንገስ ከቅጠልና ከአፈር ጋር ነው የሚመጣው፣ ጭሱም ያደርቃል። ማታ ሳታውቁት እንዳታሹት የሚሰጣችሁን የፕላስቲክ መከለያ ለጥፋችሁ ተኙ። ጠብታውን ከማድረጋችሁ በፊት እጅ በሳሙና፣ የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት እንዳይነካ። አብዛኛው ጠብታ ላይ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፣ የኛ ግንቦት ከ30 በላይ ነው፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ ወይ አይግባ ግን መለያው ላይ አንብቡ። ከተከፈተ አራት ሳምንት ያለፈውን ጣሉት፣ ለሌላ ሰው አታውርሱ።

ከመሰራታችሁ በፊት ብሩን ስትቆጥሩ የአንድ ሳምንት የአዲስ አበባ ማረፊያም ቁጠሩበት። እኛ ሆቴሉን ለመቆጠብ ስድስተኛው ቀን ላይ መጣን፣ የሁለተኛውን ሳምንት ቀጠሮ በስልክ ይሆናል ብለን። ለሚሰራችሁ ሐኪም በግልጽ "የምኖረው ድሬ ነው፣ ሌሊት ቢያመኝ ለማን ልደውል፣ እዛ ማን ጋ ልሂድ" በሉት፣ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ድሬ ስትደርሱም ሳያማችሁ በፊት አንድ የዓይን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ካርድ አውጡ፣ ስሊት ላምፕ እንዳለው እዩ።

እና ወረቀት ይዛችሁ ኑ፦ የተሰራላችሁ ፒአርኬ ነው ላሲክ፣ በስንት ቀን፣ ማይናሱ ስንት ነበር፣ ኮርኒያው ስንት ማይክሮን ቀረ፣ የትኞቹ ጠብታዎች በቀን ስንቴ። የላሲክ ክዳን ከዓመታት በኋላም ቢሆን በከባድ ምት ሊንሸራተት ይችላል፣ ስለዚህ የዛሬ አስር ዓመት በኳስ ብትመቱ ተረኛ ሆኖ የሚያያችሁ ሐኪም ክዳን እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ከላይ ሲያዩት አይታይማ። እህቴ የሷን ላሚኔት አስደርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር አድርጋዋለች፣ እናቴ ደሞ አንድ ኮፒ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።